የሒሳብ ሰው ሥዕል፤ ከሰራኩስ እስከ ሲኒማ

ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ የሒሳብ ሊቁን የአርኪሜዲስን አሟሟት በሦስት መንገድ ይተርከዋል። ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 212 ዓመት፣ ቦታው የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሁሉ በስም የሚያውቃት፣ በሲሲሊ ደሴት የምትገኘው ሰራኩስ ናት። የሮማው የጦር አዛዥ ማርሴሉስ ከተማዋን ከረዥም ከበባ በኋላ ሲይዛት፣ ሽማግሌው ሊቅ በአንድ የጂኦሜትሪ ሥዕል ላይ አቀርቅሮ ነበር። እንደ መጀመሪያው ትረካ አንድ ወታደር ደርሶ ወደ አዛዡ እንዲከተለው ያዝዘዋል፤ ሊቁ የያዘውን ጥያቄ ሳይፈታ ንቅንቅ እንደማይል ሲነግረው በሰይፍ ይገድለዋል። በሁለተኛው ትረካ ወታደሩ ሰይፉን መዝዞ ነው የሚገባው፤ አርኪሜዲስ የጀመረውን እስኪጨርስ ጥቂት እንዲታገሠው ይለምነዋል፤ ወታደሩ አይታገሠውም። በሦስተኛው ትረካ ግን ሥዕልም ተመስጦም የለም። አርኪሜዲስ የፀሐይ ሰዓቶችን፣ ሉሎችንና የማዕዘን መለኪያዎችን ይዞ ወደ ማርሴሉስ ሲጓዝ መንገድ ላይ ያገኙት ወታደሮች የያዘው ወርቅ መስሏቸው ገደሉት።

ከሦስቱ መካከል ዘመናት የመረጡት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው። ሠዓሊ የሣለው፣ መምህር ለተማሪው የሚያወራው፣ ዓለም እየጠፋ እርሱ ግን ክበቡን ብቻ የሚያይ ሽማግሌ ነው። ሦስተኛው ትረካ በየትኛውም ጦርነት፣ በየትኛውም መንገድ፣ በማንኛውም ዕቃ የያዘ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ስለሆነ ይመስላል ማንም የማያስታውሰው። ፕሉታርክ ራሱ የጻፈው ነገሩ ከሆነ ከ300 ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑን አንዘንጋ። አርኪሜዲስ ከመታጠቢያ ቤት ራቁቱን ወጥቶ እየጮኸ ሮጠ የሚለውን ታዋቂ ታሪክም ያቆየልን የሮማው የሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪየስ ሲሆን፣ እርሱም ከሁለት ክፍለ ዘመን ያህል በኋላ የመጣ ሰው ነው።

አርኪሜዲስ ራሱ መታወስ የፈለገው በሌላ ነገር ነበር። በመቃብሩ ላይ እንዲቀረጽለት የፈለገው አንድ ሲሊንደርና በውስጡ ልክ የገባ ሉል ነው። የሉሉ ይዘት ከሲሊንደሩ ሁለት ሦስተኛ መሆኑን፣ የገጽታው ስፋትም እንደዚሁ ሁለት ሦስተኛ መሆኑን ማረጋገጡን ከሥራዎቹ ሁሉ ያስበልጠው ነበርና። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ75 ዓመት በሲሲሊ ሹም የነበረው ሲሴሮ መቃብሩን ፍለጋ ሲወጣ፣ የሰራኩስ ሰዎች እንዲህ ያለ መቃብር የለንም አሉት። እርሱ ግን በቁጥቋጦና በእሾህ መካከል ብቅ ያለውን ትንሽ ሐውልት በላዩ ባሉት በሉሉና በሲሊንደሩ ለይቶ አገኘው፤ ስፍራውንም አስመነጠረ። እንግዲህ የአሟሟቱ ወሬ ከሮማ እስከ ግሪክ ሲናኝ፣ የተረጋገጠው እውነት በገዛ ከተማው እሾህ በቅሎበት ነበር።

ይሁን እንጂ ያ የአሟሟት ወሬ ሥራ ሠርቷል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሌላ መልክ ካልተገለጹ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1789 ፓሪስ በአብዮት ስትናጥ፣ የአንድ ሐር ነጋዴ ልጅ የሆነችው የ13 ዓመቷ ሶፊ ዠርማን ከቤት መውጣት ስለተከለከለች በአባቷ መጻሕፍት መካከል ትውል ነበር። እዚያም ሞንቱክላ የተባለው ፈረንሳዊ በ1758 ያሳተመውን የሒሳብ ታሪክ አገኘች፤ ስለ አርኪሜዲስ ሞትም አነበበች። ሰውን ሞቱን እስኪያስረሳው ድረስ የሚይዝ ትምህርት ምን ዓይነት ቢሆን ነው ብላ ያን ትምህርት ለመማር ቆረጠች። ወላጆቿ ለሴት ልጅ አይበጅም ብለው ሌሊት እንዳታጠና ሻማውን፣ እሳቱንና ልብሷን ይወስዱባት ነበር። እርሷ ግን ሻማ ደብቃ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ቀለሙ በቀንዱ ውስጥ በረዶ እስኪሆን ድረስ ታጠና ነበር ይባላል። ይህን ያወራልን ወዳጇ ጣልያናዊው ሊብሪ ነው። ሊብሪ ኋላ ከፈረንሳይ ቤተ መጻሕፍት ብርቅ መጻሕፍት ሰርቋል ተብሎ በ1850 በሌለበት የተፈረደበት ሰው ነው፤ ቢሆንም ለዚህ ብቻ ብለን ምስክርነቱን ልንጥለው አይገባም።

በ1794 የተቋቋመው ኤኮል ፖሊቴክኒክ ሴት ስለማይቀበል ዠርማን የመምህራኑን የትምህርት ማስታወሻ በሰው እጅ እያገኘች ታነብ ጀመር። ሥራዋንም ለመምህሩ ለላግራንዥ «ሙሴ ለብላን» በሚል የወንድ ስም ትልክ ነበር። በዚሁ ስም በ1804 ለታላቁ የጀርመን ሊቅ ለካርል ፍሪድሪሽ ጋውስ ደብዳቤ ጻፈች። በ1806 የናፖሊዮን ጦር ጋውስ ያለበትን የብራውንሽቫይግ ከተማ ሲይዝ ዠርማን ደነገጠች። በልጅነቷ ያነበበችው የሰራኩሱ ታሪክ ሊደገም ነው ብላ ፈራች፤ የቤተሰቧ ወዳጅ የነበረውን ጄኔራል ፔርኔቲን ለጋውስ ደኅንነት እንዲያስብለት ለመነችው። ጄኔራሉ የላከው መኮንን ጋውስን አግኝቶ ሶፊ ዠርማን የተባለች ሴት ስለ እርሱ እንደምታስብ ነገረው። ጋውስ እንዲህ የምትባል ሴት አላውቅም ብሎ ግራ ተጋባ። በ1807 ለብላን እርሷ መሆኗን ገለጸችለት። ጋውስም ልማድና አድልዎ በሴት ልጅ ፊት ያቆሙትን መሰናክል ሁሉ አልፋ ወደዚህ ጥልቅ ትምህርት የገባች ሴት ከፍ ያለ ድፍረትና ተሰጥኦ እንዳላት የሚመሰክር፣ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ መልስ ጻፈላት።

አንድ ሰው ሁለት ሺህ ዓመት ያለፈውንና እርግጠኛነቱ የሚያጠራጥረውን ወሬ አምኖ፣ በዚያ ወሬ የተነሣ ሕያውን ሊቅ ለማትረፍ ጄኔራል ሲልክ ማየት በሒሳብ ታሪክ ውስጥ ብርቅ ነገር ነው። ችግሩ ዠርማንም በተራዋ ወሬ ሆና መቅረቷ ነው። ሻማውንና የበረደውን ቀለም የሚያውቅ ብዙ ነው። ስለሚንቀጠቀጡ ስስ ሰሌዳዎች ባቀረበችው ጥናት ሁለት ጊዜ ሳይሳካላት ቀርቶ በሦስተኛው፣ በ1816 የፈረንሳይን አካዳሚ ሽልማት ማግኘቷን የሚያወራ ጥቂት ነው። የፌርማን ታላቅ ጥያቄ ለመፍታት የነደፈችው ሰፊ ዕቅድ ደግሞ ለረዥም ጊዜ የታወቀው ለዠንድር በመጽሐፉ የግርጌ ማስታወሻ ላይ ስላነሣት ነው።

ዠርማን ከመሞቷ ሁለት ወር ቀደም ብላ፣ በሚያዝያ 1831 ለሊብሪ በጻፈችው ደብዳቤ ስለ አንድ ወጣት ታነሣለች። ወጣቱ ብልህ ቢሆንም ባለጌ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ተባርሯል፤ ገንዘብ የለውም፤ ሰዎች ጨርሶ ሊያብድ ነው ይላሉ፤ እኔም እውነት እንዳይሆን እፈራለሁ ትላለች። ይህ ወጣት ኤቫሪስት ጋልዋ ነው። ከአርኪሜዲስ ቀጥሎ የሒሳብን ሰው ሥዕል እንደ እርሱ የቀረጸ የለም።

ጋልዋ በጥቅምት 1811 ተወልዶ በግንቦት 31 ቀን 1832፣ ገና 20 ዓመቱ ሳለ፣ በሽጉጥ ግጥሚያ በደረሰበት ቁስል ሞተ። እንደ ሕዝብ ትረካ ከሆነ፣ የዘመኑ ሊቃውንት ሁሉ ደደብ ስለነበሩ አልተረዱትም፤ ሊሞት ባለበት ሌሊት ጊዜ የለኝም እያለ በኅዳጉ ላይ ደጋግሞ እየጻፈ፣ ንጋት እስኪይዘው ድረስ አንድ ሙሉ የሒሳብ ዘርፍ ፈጠረ። ይህን ትረካ በዓለም ያናኘው በ1937 የታተመው የኤሪክ ቴምፕል ቤል መጽሐፍ ነው። ቤል በካሊፎርኒያ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ነገር ግን ጆን ቴይን በሚል የብዕር ስም የሳይንስ ልብ ወለድ ይጽፍ እንደነበር ያወቀ አንባቢ አይደነቅም።

እውነቱ ምን ነበር? የፊዚክስ ምሁሩ ቶኒ ሮትማን በ1982 ባሳተመው ጥናት ሰነዶቹን አንድ በአንድ መርምሯል። ጋልዋ የአምስተኛ ደረጃንና ከዚያ በላይ ያሉትን እኩልታዎች መቼ መፍታት እንደሚቻልና መቼ እንደማይቻል የሚለየውን ዋና ሥራውን ለአካዳሚ ያስገባው በጥር 1831 ነው፤ ከመሞቱ ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድሞ ማለት ነው። በ1830 ብቻ ሦስት ጽሑፎች በመጽሔት ታትመውለት ነበር። በዚያች ሌሊት የጻፈው ለወዳጁ ለኦጉስት ሼቫልዬ የሥራውን ጠቅላላ ይዘት የሚያስረዳ ደብዳቤና በቀድሞ ጽሑፎቹ ላይ ጥቂት እርማት ነው። ጊዜ የለኝም የሚለው ቃል በእርግጥ አለ፤ አንድ ጊዜ፣ በአንድ ኅዳግ ላይ። ትረካው ክፉ ሰው የሚያደርገው ኮሺ እንኳ በጥር 1830 የወጣቱን ሥራ ለአካዳሚ ሊያቀርብ አስቦ ሕመም እንዳስቀረው የሚያስረዳ ደብዳቤ ተገኝቷል። ጋልዋን ያገኘው በደል የለም ማለት አይደለም፤ አባቱ በ1829 ራሱን አጥፍቷል፣ ፉሪዬ ቤቱ የወሰደው ጽሑፍ በፉሪዬ ሞት ጠፍቷል፣ ፖይሰን የመጨረሻውን ጽሑፍ አይገባኝም ብሎ መልሶታል። ነገር ግን ከትረካው የጠፉ ሰዎችም አሉ። የሊሴ መምህሩ ሪሻር ችሎታውን ያወቀለት፣ የክፍል ሥራዎቹን እንኳ ሳይጥል ያስቀመጠለት ሰው ነው። ሼቫልዬ ወረቀቶቹን ጠብቆ አቆየ። ሊዩቪል ደግሞ ጽሑፎቹን አጥንቶ በ1846 አሳተማቸው። አንድ መምህር፣ አንድ ወዳጅ፣ አንድ አሳታሚ ባይኖሩ ኖሮ ጋልዋ የሚባል ስም ዛሬ ባልኖረ። ትረካው ግን ብቸኛ ሰው ይፈልጋልና እነዚህን አስወጣቸው።

ከዚህ ትረካ የተወለደው እምነት ሒሳብ የወጣትና የተመረጠ ጭንቅላት ሥራ ነው የሚለው ነው። እንግሊዛዊው ሃርዲ በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አጽንቶ ጽፎ ነበር። ዠርማን የደከመችበትን የፌርማን ጥያቄ ግን አንድሩ ዋይልስ በ1994 የፈታው በ41 ዓመቱ፣ ሰባት ዓመት በቤቱ ሰገነት ላይ በዝምታ ከሠራ በኋላ ነው። ይህ ቁም ነገር የሚሆነው ለሊቃውንት ሳይሆን ለእኛ ለወላጆችና ለመምህራን ነው። አንድን ልጅ በ12 ዓመቱ ለሒሳብ ጭንቅላት የለውም ብለን ስንወስን፣ ሳናውቀው የቤልን ልብ ወለድ እየጠቀስን ነው።

ቤል ግን ልክ እንደ ሞንቱክላ ያልጠበቀውን ፍሬ አፈራ። በዌስት ቨርጂኒያ፣ ብሉፊልድ በተባለች ከተማ ይማር የነበረ አንድ ተማሪ መጽሐፉን አንብቦ፣ ትንሹ የፌርማ ቴዎረም የሚባለውን በራሱ ለማረጋገጥ እንደበቃ ኋላ ጽፏል። ተማሪው በ1928 የተወለደው ጆን ናሽ ነበር። በ1950 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው 28 ገጽ የዶክትሬት ጽሑፍ በ1994 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን አስገኘለት። በመካከሉ ከ1959 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በስኪዞፍሬኒያ ተሠቃየ። ሲልቪያ ናሳር በ1998 ታሪኩን ጻፈችው፤ በ2001 በሮን ሃዋርድ አዘጋጅነት ፊልም ሆነ፤ ፊልሙም አራት ኦስካር አገኘ። በየከተማችን የቪዲዮ ቤት የነበረበት ጊዜ ነበርና ብዙ አንባቢ ሳያየው አልቀረም።

ፊልሙ የሚያሳየን ናሽ የሌሉ ሰዎችን በዓይኑ ያያል፤ እውነተኛው ናሽ ይሰማ የነበረው ድምፅ ነው። በፊልሙ የፕሪንስተን መምህራን ለክብሩ እስክሪብቶዎቻቸውን በፊቱ ያኖራሉ፤ እንዲህ ያለ ሥርዓት በፕሪንስተን ኖሮ አያውቅም። በፊልሙ አዳዲስ መድኃኒት እንደሚወስድ ይናገራል፤ በሕይወቱ ግን መድኃኒት ከ1970 ወዲህ አልወሰደም። ይህ ሁሉ የሲኒማ ፈቃድ ነው ብለን ልንቀበል እንችላለን። የማይታለፈው ስለ ሒሳቡ ራሱ የተነገረው ነው። በመሸታ ቤት ውስጥ ጓደኛሞች አንዲት ቆንጆ ሴት ከጓደኞቿ ጋር ሲያዩ፣ ናሽ ሁላችንም ቆንጆዋን ትተን ወደ ጓደኞቿ ብንሄድ ሁላችንም እንጠቀማለን ይላል፤ ታላቁ ግኝትም ያን ጊዜ እንደ መብረቅ ይወርድበታል።

የናሽ ሚዛን ግን ይህ አይደለም። የናሽ ሚዛን የሚባለው፣ ሌሎቹ በያዙት ቢጸኑ፣ ማንም ብቻውን ምርጫውን በመለወጥ የተሻለ ነገር የማያገኝበት ሁኔታ ነው። ሁሉም ቆንጆዋን ከተዋት አንደኛው ዞሮ ወደ እርሷ ቢሄድ ይጠቀማል፤ ስለዚህ የፊልሙ መፍትሔ አይጸናም። የተሻለ ምሳሌ ከሞያሌ እናገኛለን። በኢትዮጵያ መኪና በቀኝ፣ በኬንያ በግራ ይነዳል። ድንበሩን የሚያልፍ ሹፌር መስመሩን የሚቀይረው ቀኙ ከግራው ስለሚበልጥ ሳይሆን ሌላው ሁሉ በዚያ በኩል ስለሚነዳ ነው፤ ብቻውን እምቢ ቢል ይጋጫል። ሁለቱም ልማዶች የናሽ ሚዛን ናቸው። ይህን ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ በቂ ሲሆን፣ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚሄደው ፊልም ጊዜ አጣለት። ናሽ በ2015 የአቤል ሽልማትን ከኖርዌይ ተቀብሎ ሲመለስ በኒው ጀርሲ በታክሲ አደጋ ከባለቤቱ ከአሊሲያ ጋር ሞተ፤ የዜና ማሠራጫዎችም በአብዛኛው ያስታወቁት የፊልሙ ሰው ሞተ ብለው ነው።

ከዚያው ከዌስት ቨርጂኒያ የወጣች ሌላ ሰው በ2016 በተሠራ ፊልም ታየች። ካትሪን ጆንሰን ጥቁር አሜሪካዊት ስትሆን በአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት የስሌት ሠራተኛ ነበረች፤ በ1962 ጆን ግሌን ምድርን ከመዞሩ በፊት የኮምፒዩተሩን ቁጥር እርሷ እንድታረጋግጥለት ጠይቆ ነበር። ይህም ፊልም የሌላዋን ባልደረባ መከራ ለእርሷ አድርጎ እንደማቅረብ ያለ ግድፈት አለው። ሆኖም ሒሳብን ጠረጴዛ፣ አለቃ፣ የሥራ ሰዓትና ባልደረባ ያለው ሙያ አድርጎ ማሳየቱ ከቀደሙት ይለየዋል። ማንም አያብድም።

በእኛ አካባቢ የሒሳብ ሰው ሥዕል ከየት ይነሣል? ከቃሉ ብንጀምር፣ ዓረቡም ሱማሌውም አማርኛ ተናጋሪውም ሒሳብ ይላል፤ ስዋሂሊው ሂሳባቲ ይላል። በአማርኛ ያው ቃል የትምህርቱም፣ የነጋዴው መዝገብም፣ ምግብ ቤት ገብተን ስንወጣ አስተናጋጁን የምንጠራበትም ስም ነው። በግእዝ ደግሞ «ሐሰበ» መቁጠርም ማሰብም ነው። በዚህ ቃል ውስጥ እብደትም ተመስጦም የለበትም፤ ገበያና አእምሮ ናቸው ያሉበት።

በቤተ ክህነት ያለው የባሕረ ሐሳብ መምህርም የጋልዋ ዓይነት ሰው አይደለም። የተቀበለውን የሚያስተላልፍ፣ ተማሪውን የሚያስቀጽል፣ በየዓመቱ አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ቀን አውጥቶ ለምእመናን የሚያሳውቅ የማኅበር ሰው ነው። የሥራው ጥበብ ሁሉ ያለው በቀሪ ላይ ነው፤ ሲካፈል የተረፈውን መያዝ። የዠርማን ወዳጅ ጋውስ በ1800 የፋሲካን ቀን የሚያወጣ ስሌት ሲያሳትምና በ1801 በታላቁ መጽሐፉ የቀሪን ሒሳብ ሥርዓት ሲያስይዝ የተጓዘው በዚሁ መንገድ ነው። ፓሪስ ላይ ሴት ልጅ ሻማ ተነጥቃ የምትማረውን የሒሳብ ዓይነት፣ የአብነት ተማሪው ቁራሽ ለምኖ እየበላ በቃሉ ያጠናው ነበር። ለእርሱ ግን ይህ የአገልግሎት አንዱ ክፍል እንጂ የሊቅነት ምልክት አልነበረም፤ ምናልባት ስለዚህ ይሆናል ልጆቻችን ከትምህርት ቤቱ ሒሳብ ጋር አንድ ዘር መሆኑን ሳይሰሙ የሚያድጉት።

2000 ዓመተ ምሕረትን እንውሰድ። 5500 ሲጨመር ዓመተ ዓለሙ 7500 ነው። ለ4 ሲካፈል ምንም አይተርፍም፤ ስለዚህ ዘመኑ ዮሐንስ ነበር። ለ19 ሲካፈል 14 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ትተን 13 ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 143፣ በ30 ሲገደፍ 23 አበቅቴ ነው። በ19 ተባዝቶ 247፣ በ30 ሲገደፍ 7 መጥቅዕ ነው። 23 እና 7 ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። ሌላ ዓመት ወስደን ብንሞክረው አሁንም 30 ነው፤ የአብነት ተማሪ ስሌቱን የሚያርምበት አንዱ መንገድም ይኸው ነው። ለምን ሁልጊዜ 30 እንደሚሆን የጠየቀ ልጅ ካለ፣ ወንበሩ የተባዛባቸውን ሁለቱን ቁጥሮች፣ 11ን እና 19ን፣ እንዲደምራቸው መንገር ነው።